አማቴ ያወጡልኝ ስም

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የሚያደክመኝ ነገር ብዙ ነው፤ የባሰው ግን ወረፋ ነው። ለቅሶውን ጎረቤት አግዞኛል። የቤተክርስቲያኑ ሰዎች እየመጡ ዘምረዋል፣ ንፍሮና ዳቦ ሳይቋረጥ ገብቷል፣ አንዷ ጎረቤቴ ሳልጠይቃት የልጄን ልብስ ወስዳ አጥባ መልሳለች። ወረፋ ላይ ግን ብቻዬን ነኝ። አግዳሚ ወንበር ላይ ፈቀቅ እያልኩ፣ የነቀምት ዝናብ ያሻገተውን ግድግዳ እያየሁ፣ በሩ ሲከፈት ቀና እላለሁ፣ ሲዘጋ ደግሞ አቀረቅራለሁ።

ይህንንም የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። ጥቂት መስመር እጽፍና ደብተሩን እዘጋለሁ። የማንንም ስም አልጽፍም። ስም በዚህ ዓመት በቂ አድክሞኛል።

የተወለድኩት ዲጋ ነው። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር፤ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ እየተናገርኩ አደግኩ። ባለቤቴ የኑኑ ቁምባ ገበሬ ልጅ ነው። ስንጋባ ወታደር ነበር። በኋላ ቆስሎ፣ አንድ እግሩ ሳይታጠፍለት ቀርቶ፣ ጎኑ ውስጥም ሐኪሞች ሊያወጡት ያልደፈሩት ብረት ይዞ በጉዳት ተሰናበተ። እዚህ ነቀምት መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ስልክ ይጠግን ነበር። እኔ ሕፃናት አስተምራለሁ። ብረቱ ብዙ ዓመት ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ባለፈው ክረምት ግን ጎኑ መግል ያዘ፣ ትኩሳቱ አልወርድ አለ፣ ሞተ።

አንድ ልጅ አለችን። ልቧን ታማለች። ትንሽ ሆና የጉሮሮ ሕመም ይመላለስባት ነበር፤ እኛም ቶንሲል ነው እያልን በማርና በዝንጅብል እናሳልፈው ነበር። በኋላ ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳን፤ ያ የጉሮሮ ሕመም ወደ ልቧ ሄዶ ከልቧ በሮች አንዱን ጎድቶታል። በሩ የባሰ እንዳይጎዳ በየወሩ መርፌ ትወጋለች። መርፌው ከቀረ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል፣ ካገረሸ ደግሞ ቀዶ ጥገና ነው፣ እሱም እዚህ የለም። ይህን ሁሉ እስካሁን የተሸከመልን የአባቷ ካርድ ነበር። በአገልግሎት ላይ የተጎዳ ወታደር ቤተሰቡን የሚያሳክምበት ካርድ ነው። ሲሞትም ለሚስትና ለልጅ ይዞራል። ይዞራል ማለት ግን በራሱ እግር ይሄዳል ማለት አይደለም።

ከቀብር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመርፌ ስንሄድ፣ የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ካርዱን አገላብጣ አየችው።

«ባለካርዱ አርፈዋል አይደል?»

«አርፏል።»

«እንግዲያው ይሄ አይሠራም፣ እህቴ። አዙረሽ ነይ። ዛሬ ስለማውቃችሁ ላሳልፋት፤ በሚቀጥለው ወር ግን አዲሱን ካርድ ካላየሁ እኔም እጠየቃለሁ።»

ልጄ ሰምታለች። ስንወጣ እጄን ያዘች። እጅ መያዝ ካቆመች ቆይታ ነበር።

በማግስቱ ካርዱን ወደሚሰጠው የተጎዱ ወታደሮች ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የሞት የምስክር ወረቀቱን፣ መታወቂያዬን፣ የልጄን የልደት ወረቀት በፌስታል ይዤ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ሠራተኛው፣ ለሥራ ከሌላ አገር የመጣ ወጣት፣ የባለቤቴን ፋይል አስፈልጎ ገለጠ። መታወቂያዬን አየ። ፋይሉን አየ። እንደገና መታወቂያዬን አየ።

«አንቺ ለሟች ምንድነሽ?»

«ሚስቱ ነኝ።»

«እዚህ የተመዘገበችው ሚስቱ ሌላ ሴት ናት።»

ከኋላዬ የተሰለፉት አንገታቸውን አሰገጉ። አንዷ ሴትዮ «ጉድ! ወታደር ሲባል እኮ…» ብላ ሳትጨርስ ተወችው፤ ሌላዋ ግን «ዝም በይ፣ ሰው መካከል» እያለች ራሷ ትስቅ ነበር።  ባለቤቴን በዚህ ጠርጥሬው አላውቅም፤ በዚያች ቅጽበት ግን ጠረጠርኩት። ፋይሉን ወደ እኔ እንዲያዞርልኝ ለመንኩት።

የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው። ፊደሎቹ እንደ ልማዱ ወደ ግራ ጋደል ብለዋል። «የትዳር ጓደኛ ስም» ከሚለው ፊት ለፊት የተጻፈውን አነበብኩና ሳቄ መጣ። ከሞተ በኋላ የሳቅሁት ያን ጊዜ መጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

«ይህቺም እኔ ነኝ» አልኩ።

በባለቤቴ አገር ሙሽራ ስትገባ የባሏ እናት አዲስ ስም ያወጡላታል። እኔም የሰርጉ ግርግር ጋብ ሲል አማቴ ጓዳ አስቀምጠው አናቴን ቅቤ ቀቡኝና ስም አወጡልኝ። ኦሮምኛ ስም ነው፤ ትርጉሙን አልጽፈውም እንጂ ደስ የሚል ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሱ ዘመድ ሁሉ በዚያ ጠራኝ። እሱማ በሌላ ጠርቶኝ አያውቅም። አባቴ ያወጣልኝን የመታወቂያዬን ስም ያውቀዋል፣ ሰው ሲጠራኝ ይሰማዋል፤ ሲቆስልና የቤተሰብ ቅጽ ሙላ ሲሉት ግን ሚስትህ ማን ትባላለች ለሚለው የመጣለት ያ ነው። አልጋ ላይ ሆኖ ሲሞላው ታየኝ። ደግሞም ተናደድኩበት። ሞቶ ተናደድኩበት። አንድ ጊዜ እንኳ ደውለህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?

ሠራተኛው ክፉ ሰው አይደለም። «ይገባኛል» አለ። «ወረቀት ላይ ግን ሁለት ሰው ናችሁ። ከቀበሌ ደብዳቤ ታመጫለሽ። ከእሱ ወገን ደግሞ፣ ይህ ስም ያንቺ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቀርቦ ይመስክር።»

ለአማቴ በጎረቤታቸው ልጅ ስልክ ደወልኩ። ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ሰው ሲያናግራቸው ቶሎ አይመልሱም፤ ጉልበታቸውም ታማሚ ነው፤ መንገዱም አንድ ሰሞን ሲከፈት አንድ ሰሞን ይዘጋል። ነገሩን ሁሉ አስረዳኋቸው። «ምን ይሻላል፣ ሀርሜ?» አልኩ፤ እናቴ ማለት ነው፣ የምጠራቸው እንዲህ ነው።

«የልጅቷ መርፌ ቀኑ መች ነው?» አሉ።

ነገርኳቸው።

«ከዚያ በፊት እደርሳለሁ።»

ሲሬ ላይ መኪና ቀይረው መጡ። መናኸሪያ ስቀበላቸው ጉልበታቸውን ይዘው፣ በኮባ የተጠቀለለ ጩኮ በነጠላ ቋጥረው ወረዱ። ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራው ጩኮ ለእሱ ነበር የሚያመጡት። ቤት ገብተው ቋጠሮውን ሲፈቱ እጃቸው መሐል ላይ ቆመ።  ልጄ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠችና በጣቷ ቆርሳ በላች።

በማግስቱ የቀበሌውን ደብዳቤ ይዘን ጽሕፈት ቤት ገባን። ሠራተኛው ብድግ ብሎ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ፣ ሀርሜ?» አላቸው። ደኅንነታቸውን፣ የከብቶቹን ደኅንነት፣ የመንገዱን ሁኔታ ጠየቀ። እሳቸውም እናቱን፣ አባቱን፣ አገሩን ጠየቁት። ለካ ሰላምታ የሚያውቅ ልጅ ነበር። ከዚያ ብዕሩን አነሳ።

«የሟች ልጅዎን ሙሉ ስም ከነአያቱ ይንገሩኝ።»

የልጃቸውን ስም ተናገሩ።  

«የአባቱስ?»

ዝም።

«ሀርሜ፣ የአባቱ ስም?»

«ያው አባቱ ነዋ» አሉ። «እሱም ሞቷል።»

«ስሙን ነው የምፈልገው። የአያቱንም።»

አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እዚያ አገር ሴት የባሏንም የአማቷንም ስም በአፏ አትጠራም። ላጉ ይሉታል። አማቴ በትዳር በኖሩበት ዘመን ሁሉ የባላቸውን ስም ሲጠሩ ሰምቻቸው አላውቅም፤ የባላቸውን አባትማ ጭራሽ። እኔ በላጉ ስላላደግኩ ልናገር አልኩ። ሠራተኛው ምስክሯ ራሷ መናገር አለባት አለ። እንዲህ ሆነን ተፋጠጥን። መርፌው የሚወጋበት ቀን ሐሙስ ነው፣ ዕለቱ ደግሞ ማክሰኞ፤ የልጄ ልብ በሁለት የሞቱ ሰዎች ስም ላይ ተንጠልጥሎ ቆመ።

ከወረፋው መካከል ክራንች የተደገፉ አንድ ሽማግሌ ወታደር ሳቃቸውን ለቀቁት።

«አንተ ልጅ፣ ብትገርፋትም አትነግርህም! እኔን ሚስቴ ስትጠራኝ አርባ ዓመት 'ሰውየው' ነው የምትለኝ። ጠላት ማርኮ ቢጠይቃትም ስሜን አያገኘውም።»

ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ሠራተኛውም ፈገግ አለ። «ታዲያ እኔ ምን ልጻፍ፣ አባ?»

«አንተ አንብበው፣ እሷ ራሷን ትነቅንቅ። ምስክርነት አይደለም እንዴ?»

ሠራተኛው ጥቂት አሰበና ፋይሉን ገልጦ የሁለቱን ሰዎች ስም ቀስ ብሎ አነበበ። አማቴ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጥለው በእያንዳንዱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህቺኛዋስ?» አለ፣ የሙሽራነት ስሜን እያሳየ። «ይህ ስም የማን ነው?»

አሁን ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። በጣታቸው ደረቴን ነኩ።

«አነቱ መቃ ባሴ» አሉ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። «በዚህ እጄ ቅቤ ቀብቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሌላ ማንን ትጠይቃለህ?»

ጻፈው። አማቴ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ከዚያ ሠራተኛው ወደ እኔ ዞረ።

«አሁን ወረቀቱ አንድ ስም ነው የሚፈልገው። ወይ በፍርድ ቤት መታወቂያሽን ወደዚህኛው ታስለውጫለሽ፣ እሱ ወራት ይፈጃል፤ ወይ ይሄኛውን እዚሁ ሰርዤ የመታወቂያሽን እጽፋለሁ፣ ካርዱን ነገ ትወስጃለሽ።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ስህተቱ ይታረም ብዬ ነው ስመላለስ የከረምኩት፤ ሲታረም ምን እንደሚጠፋ ግን ልብ አላልኩም። ወደ ግራ ያጋደሉትን ፊደሎች አየሁ። ከሞተ ወዲህ በዚያ ስም ቤቴ ውስጥ የጠራኝ ሰው አልነበረም። ልጄ እማዬ ትለኛለች፣ ጎረቤት በልጄ ስም ይጠራኛል።

«ሰርዘው» አልኩ።

ማስመሪያ አስጠግቶ፣ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረበት። ከላዩ አባቴ ያወጣልኝን ስም ጻፈ፣ ማኅተም መታ።

በረንዳው ላይ አማቴ «ምን አደረገ?» አሉኝ። ማንበብ አይችሉም፣ መስመሩን ግን አይተዋል።

«ስሙን ሰረዘው፣ ሀርሜ። ልጅቷ እንድትታከም ነው።»

ጉልበታቸው እያስጨነቃቸው ደረጃውን ወረዱ። ታች ሲደርሱ ቆሙና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ሰርግሽ ላይ ነበር እንዴ ያ ጸሐፊ?»

«አልነበረም።»

«እንግዲያው ምን አገባው» አሉና መንገዱን ቀጠሉ።

ሐሙስ ዕለት ሦስታችን ሆስፒታል ሄድን። የካርድ ክፍሏ ልጅ አዲሱን ካርድ አየች፣ መዘገበች፣ «አገኘሽው፣ እሰይ» አለች። በመታወቂያዬ ስም ተጠራሁ፣ ገባን። ልጄ እንደ ሁልጊዜው ጥርሷን ነክሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። ፈሳሹ ወፍራም ስለሆነ ያማታል፤ ከተወጋች በኋላ ዕለቱን ሙሉ ታነክሳለች። ነርሷ የሚቀጥለውን ወር ቀጠሮ ጻፈችልን። ገና ብዙ ዓመት እንዲህ ነው፤ ካርዱም በየጊዜው ይታደሳል፣ እኔም እሰለፋለሁ።

ስንወጣ አማቴ ግቢው ጥግ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ከሩቅ ሰው አይለዩም። ወዲያና ወዲህ አዩና፣ እርሻ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በዚያ ባወጡልኝ ስም ተጣሩ። ሰው ሁሉ ዞረ።

«አቤት!» አልኩ።

ልጄ ክንዴን ይዛ እያነከሰች ነበርና ቶሎ አልደረስንም። እሳቸውም እስክንደርስ ደጋግመው ጠሩኝ።