ዐ ከጉሮሮ ስትወጣ

ከደሴ የወጣሁት ጎሕ ሲቀድ ነው። ሱብሒ ተሰግዶ ሰዉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሰኞ ገበያን ውጧት ስለነበር ከተሸሸግኩበት ሱቅ በር እስከ አውቶቡሱ ማንም ፊቴን ሳያይ ደረስኩ። ያን ጉም ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ! ልብስ አያደርቅ፣ ሳል አያድን። ዛሬ የመን አገር ሑደይዳ ላይ ተቀምጬ፣ ላብ ከአገጬ እየተንጠባጠበ ስጽፍላችሁ፣ አንዴ እንኳ ብተነፍሰው እላለሁ።

እናቴ ልትሸኘኝ አልመጣችም፤ እንዳትመጣ ተነግሯታል። የተሰናበተችኝ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጨው ገዢ መስላ ሱቁ ገብታ፣ ከጆንያው ክምር ጀርባ ቆማ።

«ስምሽን ልትለውጪ ነው አሉኝ።»

«ለመንገዱ ብቻ ነው እማዬ።»

«የነሱንም ጸሎት ትይዋለሽ?»

«ከጠየቁኝ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «እግዜር የሚሰማው ልብን ነው፤ ጉሮሮ የሚሰማው ወታደሩ ነው» አለችኝ። «በደንብ በይው ብቻ።»

ጽጌ እባላለሁ። መምህራን ማሠልጠኛ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ታስራ ነበር። በአሥረኛው ቀን እህቷ መጥታ «ስምሽ ተነስቷል» ብላኝ ሳትቀመጥ ሄደች። በዚያ ዘመን ይህን የሰማ ሰው ቤቱ አያድርም፤ በነጋታው ጠዋት አስከሬኑ መንገድ ላይ ሊገኝ ይችላል። ጎረቤታችን የነበሩት፣ አጎቴ እንደማለት «ዓሚ» የምንላቸው የመናዊ ነጋዴ ዓሚ ሳሊሕ ከሱቃቸው ኋላ ባለው መጋዘን ሸሸጉኝ።

ዓሚ ሳሊሕ ሠላሳ ዓመት ደሴ ኖረው፣ የቦሩ ሜዳዋን እትዬ ፋጡማን አግብተው፣ አንዲት ልጅ ወልደው ነበር። ልጅቱ ዓኢሻ ከዓመት በፊት በወባ ሞተችባቸው። ወደ አገራቸው ለመመለስ ፈቃድ የጠየቁት ግን ልጅቱ በሕይወት ሳለች ነበርና ወረቀቱ ሲመጣ የሦስት ሰው ሆኖ መጣ። ፎቶዋ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች የተነሳችው ነው፤ በሻሽ የተሸፈነች የትኛዋም ልጅ ልትሆን ትችላለች። እኔን በዚያ ወረቀት እናውጣት ያሉት እትዬ ፋጡማ ናቸው።

«ፊቷስ ይሁን» አሉ ዓሚ ሳሊሕ። «አፏንስ ምን እናደርገዋለን?»

ኬላ ላይ ዓረብ ነኝ የሚለውን ሁሉ ማናገር ተጀምሯል ተብሎ ነበር። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በጨውና በበርበሬ ጆንያ መካከል፣ መናገር ተማርኩ። ቋንቋውን ሳይሆን ድምፁን ማለቴ ነው።

«ሚጥሚጣ ጉሮሮሽ ላይ ሲቀር እንዴት ታወጪዋለሽ?» ይሉኛል ዓሚ ሳሊሕ። ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። «ያውልሽ፣ ሐ ማለት ያ ነው። ከደረት አይደለም፣ ከጉሮሮሽ መሐል ነው።» ቀ ስል ይስቁብኛል። «እናንተ ትንፋሻችሁን ቆልፋችሁ ነው የምትለቋት፤ ጧ ትላለች። የኛዋ ከእንጥልሽ ሥር ናት፤ አትፈነዳም፣ ትወድቃለች እንጂ።» ጠ ስልም እንደዚያው ነው። የምላሴን ጫፍ ከላይ ጥርሴ ሥር አስጠግቼ፣ የምላሴን ወገብ ወደ ኋላ እንድስብ፣ አፌን እንደ ዋሻ ባዶ እንዳደርግ ያዝዙኛል።

ያስለቀሰችኝ ግን ዐ ናት። «ጣትሽን ማንቁርትሽ ላይ አድርጊ። ምላስሽ ሥራ የለውም፣ ይተኛ። ከታች ጨብጪው፣ ግን አትዝጊው። ከዘጋሽው አ ይሆናል።» እኔ ሁልጊዜ እዘጋዋለሁ። የሰው እግር ከውጭ በሰማሁ ቁጥር ደግሞ ጉሮሮዬ ራሱ ይዘጋል።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር። ፊደል ሲያስቆጥረኝ «ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ» ሲል፣ ለአንድ ድምፅ ሦስት ፊደል ምን ያደርጋል ብዬ ጠይቄው ነበር። «ድሮ ሦስት ድምፅ ነበሩ፤ ጉሮሯችን ሰነፈና አንድ አደረግናቸው» አለኝ። አሁን ሞትን ፈርቼ አያቶቼ የጣሉትን ድምፅ ከጨው ጆንያ መሐል ስፈልግ ዋልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ድንገት ወጣችልኝ። «ዓኢሻ» አልኩ፤ ዐይኑ ዐ ከጉሮሮዬ ሳትዘጋ፣ ተጨብጣ ወጣች። ዓሚ ሳሊሕ አጨበጨቡ። እትዬ ፋጡማ የያዙትን ወንፊት አስቀምጠው ወጡ። ልጃቸው ስሟን እንደዚያ ነበር የምትጠራው። እስኪመሽ አልተመለሱም፤ ሲመለሱም «ጎበዝ፣ እንዳትረሺያት» አሉኝ።

አውቶቡሱ በሐረጎ ጠመዝማዛ ሲወርድ ጉሙን ከላይ ጥለነው ወደ ፀሐይ ገባን። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት። ወደ ባቲ መውጫ ካለው ኬላ ስንደርስ ሁላችንንም አስወረዱን። ካድሬው የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጦ ወረቀታችንን እያገላበጠ ነው።

«ስምሽ?»

ሦስት ሳምንት የደከምኩላት ድምፅ ጠፋች። «አይሻ ሳሊህ» አልኩ፣ እንደማንኛዋም የደሴ ልጅ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ሰሞኑን ደሴ ያለ ሰው ሁሉ የመናዊ ሆኗል» አለ። «ትናንት አንዱ ዓረብ ነኝ ብሎ መጣ። ወረቀቱ ደህና ነው፣ ጺሙ ደህና ነው። እንቅፋት ሲመታው ‹በስመ አብ!› አለ።»

ወታደሮቹ ሳቁ። ሰውየው ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ የጠየቀ የለም።

«ደሴ ተወልዳ ነው» አሉ ዓሚ ሳሊሕ። «አማርኛው አፏን ይዞታል።»

«እኛ እናስለቅቃታለና!» አለ ካድሬው። ዞር ብሎ መሣሪያውን የተደገፈ ቀጭን ወታደር ጠራ። «አንተ የባቲው! ቁርአን ቀርተሃል አይደል? ፈትናት።»

ወታደሩ መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። በእኔ ዕድሜ ነው። የቁርአኑን መክፈቻ፣ ፋቲሐን፣ እንድል ነገረኝ። እትዬ ፋጡማ ያስጠኑኝን በልቤ ይዤዋለሁ። ጀመርኩ። «አልሐምዱ» ላይ ሚጥሚጣውን አሰብኩ፣ ወጣች። «ነዕቡዱ» ላይ ዐን ጨበጥኳት፣ ወጣች። ተደስቼ ይሆን እንጃ፣ «ሙስተቂም» ስል ቀ እንደኛው ጧ ብላ ፈነዳች። እኔው በጆሮዬ ሰማኋት። ዓሚ ሳሊሕ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማቆም አልቻልኩም፣ እስከ መጨረሻው ሄድኩ።

ወታደሩ ወደ ካድሬው ዞረ።

«ልክ ናት ጓድ» አለ።

አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ያው ወታደር የሰዉን ወረቀት በመስኮት እያደለ መጣ። የኛን ሲሰጠኝ ከእጁ አልለቀቀውም። «እኔ ቁርአን የቀራሁት ገጠር ካሉ ሸህ ዘንድ ነው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሳቸውም ‹ቀ›ን እንዳንቺው ያፈነዷታል። ዓረብ ግን ወላሂ እንደዚያ አይልም።»

ወረቀቱን ልስብ አልደፈርኩም።

«አሰብ ላይ የሚፈትነው ሰው ዓረብ አገር የኖረ ነው። እዚያ ቁርአን እንዳትቀሪ፤ አልቅሺ።» ወረቀቱን ለቆ ወደሚቀጥለው መስኮት አለፈ። ስሙን አላውቀውም። ቢታወቅበት ምን ይደርስበት እንደነበር አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

እስከ አሰብ በነበረው በረሃ ውኃ እንኳ ሳልጠይቅ ተጓዝኩ፤ በአውቶቡሱ ውስጥ ማን እንደሚሰማኝ አላውቅማ! አሰብ ወደብ ላይ ሰውየው በዓረብኛ ጠየቀኝ። ላልቅስ ብዬ እንባ እምቢ አለኝ። ፍርሃት ሲበዛ ዓይንም ይደርቃል ለካ። ያኔ እትዬ ፋጡማ አንገቴን አቅፈው «ዓኢሻዬ! ልጄን! ልጄን አፈር ላይ ጥዬ!» ብለው ጮኹ። ማንን እንደሚያለቅሱ እኔና ዓሚ ሳሊሕ ብቻ ነን የምናውቀው። የልቅሷቸው ድምፅ ደረቴ ውስጥ ገብቶ እኔንም አፈረሰኝ።

«ምን ሆነው ነው?» አለ ሰውየው።

«አገራቸውን ሊለቁ ነው» አሉ ዓሚ ሳሊሕ።

ማኅተሙን መትቶ እጁን አወናጨፈብን። በጀልባ ተሻገርን።

የመን ስንገባ ዳንን ብዬ ነበር። ግን በዓሚ ሳሊሕ አገር ያሉ ዘመዶች ዓኢሻ መሞቷን ያውቃሉ፤ አብሬያቸው ወደ ተዕዝ ብወጣ ተጋለጥኩ ማለት ነው። ስለዚህ ሑደይዳ ላይ ተለያየን። ቤት ያከራዩኝ አሮጊት ሐጃ በመጀመሪያው ቀን አፌን አፍጥጠው አዩት።

«አፍሽ ውስጥ ምን አለ?»

«ምንም የለም ሐጃ።»

«ታዲያ ለምን ቃሉን እንደ ለውዝ ትሰብሪዋለሽ?»

የሥራ ፈቃድ ቢሮ ሄጄ ሥራ ፍለጋ መጣሁ ልል «ዓመል» ማለት ነበረብኝ። ዐይኑ ዐ አሁንም ስፈራ ትጠፋለችና «አመል» አልኩ፤ ለነሱ ያ ተስፋ ማለት ነው። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ተስፋ በዚህ ቢሮ አይሰጥም እህቴ። የመጣሽው ወደ ሥራ ክፍል ነው።» ኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እኛ ዘንድ አመል ጠባይ መሆኑን ብነግረው ደግሞ ምን ይል ነበር?

ላሑሕ የሚሉት አላቸው፣ ዓይን ያለው፣ እንጀራ የሚመስል፤ ስስ ነው፣ ለወጥ አይታጠፍም፣ ግን ስናፍቅ እሱን እያየሁ እበላለሁ። ሰዉ እንግዳ ይወዳል፣ ያለውን ያካፍላል። ስሜን ግን የሚጠራልኝ የለም። አንዴ ለሐጃ እውነተኛ ስሜን ብነግራቸው «ሲጌ» አሉኝ። ጽን ማንም አይችላትም። ደግሞም ወረቀቴ ዓኢሻ ነው የሚለው። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ዓኢሻ እባላለሁ፤ ሲጠሩኝም ቶሎ ዞር እላለሁ፣ ካልዞርኩ ይጠረጥሩኛል ብዬ።

ከማንም ጋር አማርኛ ሳልናገር ከርሜ፣ በሁለተኛው ዓመት ስልክ አስመዘገብኩ። ቀጠሮው ተይዞ እናቴ ደሴ ቴሌ ትጠራለች፣ እኔ እዚህ ቴሌ እጠብቃለሁ። ስሜን እንዳላነሳ አውቃለሁ፤ መስመሩን ማን እንደሚሰማው አይታወቅም። መስመሩ ሲገናኝ ጫጫታው ውስጥ ትንፋሿን ሰማሁት።

«ሃሎ፣ እማዬ? ደህና ነሽ?»

ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁት።

«እኔ ነኝ። ጤናሽስ? ወገብሽስ እንዴት ሆነ?»

«ማን ልበል?» አለች። ድምጿ ቀጥኗል።

«ልጅሽ ነኝ እማዬ። ልጅሽ።»

«እንዲህ የምትናገር ልጅ የለችኝም» አለች እናቴ። «ዓረብ ነው መሰለኝ የደወለው» አለች ደግሞ፣ ለእኔ ሳይሆን አጠገቧ ላለ ሰው። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

አጠገቧ ማን ነበር? የቴሌዋ ሠራተኛ ናት ወይስ ከቀበሌ የተላከ ሰው? ድምፄ እውነት ጠፍቶባት፣ ወጥመድ መስሏት ነው? ወይስ አውቃኝ፣ እኔን ልታድን ብላ ነው የካደችኝ? ጉሮሮዬን በእጄ ይዤ ቆምኩ።

«ደግሜ ላገናኝሽ?» አለኝ የቴሌው ሰው። «ደቂቃሽ አላለቀም።»

ስልኩ ደሴ ላይ ሁለተኛ ሲጮህ፣ አጠገቧ ያለው ሰው ፊቷን ሲያይ ታየኝ።

«ተወው» አልኩት።