ከድሬዳዋ እስከ አቃቂ ያደገው ግንብ

እኔ ውሸት ተናግሬ አላውቅም። እውነት ግን ከአፌ ስትወጣ ታድጋለች። ጎመንም ዝናብ ሲያገኝ ያድጋል፤ ጎመንን ዋሾ የሚለው የለም።

ዛሬ ሣር የዋጠው የአቃቂ ሀዲድ ያኔ ባቡር ነበረው። እኔም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ለፋብሪካው የእግር ኳስ ቡድን ደግሞ ተጠባባቂ በረኛ ነበርኩ። ተጠባባቂ በረኛ ማለት የኳስ ከረጢት ተሸካሚ ማለት ነው። ለግጥሚያ ድሬዳዋ ወርደን ጨዋታው ሲያልቅ፣ አንድ የአገሩ ሰው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለውን የሐርላን ፍርስራሽ አሳየን። ጥንት በግንብ የታጠረ ትልቅ ከተማ ነበር፤ የሠሩትም ግዙፋን ናቸው ይላሉ የአካባቢው ሰዎች።

አቃቂ ስመለስ ለጓደኞቼ ስለ ግንቡ አወራኋቸው። መጀመሪያ ላይ ቁመቱ ልከኛ ነበር። ነገር ግን ክረምቱ ሻይ ቤት አስቀመጠን፣ ዝናቡም አላባራ አለ። መስከረም ሲጠባ ግንቡ የፋብሪካችንን ጭስ ማውጫ አክሎ አረፈው። እኔም ጫፉ ላይ ወጥቼ ነፋስ ኮፍያዬን ነጥቆኛል፤ ኮፍያው የወደቀው ሐረር ነው።

በዚያው መስከረም ወደምወዳት ልጅ ቤት ሽማግሌ ላክሁ። የልጅቷ አባት የሀዲድ ጠጋኞች ካቦ ስለነበሩ ሰፈሩ በሙሉ «ካቦ» ይላቸዋል። ሳቅ የሚባል ነገር አይነካካቸውም። አንድ ጊዜ ጣቢያው ላይ ስቀው፣ ባቡሩ ምን ተፈጠረ ብሎ ዘግይቶ ተነሣ ይባላል። ሽማግሌዎቹም መልሳቸውን ይዘውልኝ መጡ፦

«ልጁ ሠራተኛ ነው፤ መጠጥም አያበዛም። ቃሉን ግን አላምነውም። ድሬዳዋ ስመላለስ ነው ያረጀሁት፤ ጭስ ማውጫ የሚያህል ግንብ አላየሁም። ወስዶ ያሳየኝ። ካለ ልጄን ይውሰድ። ከሌለ በደጄ እንዳያልፍ።»

በጥቅምት አቦ ሳሪስ ለንግሥ ወጥተን ልጅቷ ከሕዝቡ መሀል ገለል አደረገችኝ።

«አንተ፣ እውነቱን ንገረኝ። ግንቡ አለ?»

«አለ!»

«ከኔ ይረዝማል?»

ታቦቱን የማይ መሰልኩ።

«ከጉልበቴስ?»

«እሱ እንደ ቆምሽበት ቦታ ነው።»

«በል እንግዲህ» አለችኝ፤ «ወይ ግንቡን አርዝመው፣ ወይ አባባን አሳጥራቸው።»

ካቦ ለጉዞው የክት ኮታቸውን ለበሱ፤ ባርኔጣቸውንም ደፉ። ከአቃቂ እስከ ድሬዳዋ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ሀዲዱን ሲመረምሩ ሄዱ። እኔ ግን ልቤ ሙሉ ነበር። ጥንት የነበረ ከተማ፣ እኔን ለመዳር ሲል ትንሽ ከፍ ማለት ያቅተዋል?

በማግስቱ በጭነት መኪና ወጣን። ሐርላ ስንደርስ ማሽላው አፍርቷል፣ ጫቱ ለምልሟል፣ ድንጋዩ በየቦታው ተበትኗል። ፍየሎች የምትነዳ አንዲት ሴት አገኘንና ግንቡን ጠየቅናት።

«ግንቡን ነው? ኑ፣ ጓሮዬ ነው ያለው።»

በእርግጥም ጓሮዋ ነበር። ፍየሎቿ የሚያድሩበት በረት አንዱ ጎኑ የጥንቱ ግንብ ነው። ካቦ አጠገቡ ሄደው ቆሙ። ጉልበታቸው ጋ ደረሰ፤ ያውም ጫማቸው ተረከዝ ስለሌለው ነው። ግንቡን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ መልሰው ግንቡን አዩት።

«ይኼ ነው ጭስ ማውጫው?»

«አባባ፣ ቀሪው ከመሬት በታች ነው።»

«አንተም ከመሬት በታች ልትሆን ነው!»

ሴትየዋ ጣልቃ ገባች። «ምን ያስቆጣዎታል፣ አባቴ? የሠሩት ሰዎች እኮ እንደኛ አይደሉም። ሴቶቻቸው ይህን ድንጋይ በአንድ እጅ፣ ልጃቸውን በሌላው እጅ ይዘው ነበር ዳገቱን የሚወጡት።»

«አንቺ አይተሻቸዋል?»

«ድንጋዩ ይኸው! ማን አመጣው ታዲያ፣ ፍየሌ?»

ካቦ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተንበረከኩና አንዱን ድንጋይ በእጃቸው ነቀነቁት። አልተነቃነቀም። በእግራቸው ገፉት፤ ቀጥሎም በትከሻቸው። ድንጋዩ ካቦ የሚባል ሰው መኖሩንም አልሰማ። ከዚያ ግንቡን ተከትለው ማሽላው ውስጥ ገቡ። እኔም ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ፤ ለመድኃኒት ያህል እንኳ ቀልድ አልመጣልኝም። ግንቡ ከአንድ ጎጆ ሥር ይገባል፣ በወዲያኛው በኩል ይወጣል፣ ጫት ውስጥ ይጠፋል፣ እንደገና ብቅ ይላል። አያልቅም። ካቦ ኮታቸው ገለባ ለብሶ ቆሙ።

«ሲሚንቶ የለውም» አሉ ዝግ ብለው። «እኛ ሀዲዱን በየክረምቱ እናጠብቀዋለን። ይኼን ማንም አላጠበቀውም፤ ቆሟል።»

በልቤ ተስፋ ብድግ አለ። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ።

«ቢሆንም ጭስ ማውጫ አያህልም። ልጄን እርሳት።»

በመልሱ ድሬዳዋ ጣቢያ፣ ባቡሩ ውስጥ እንደተቀመጥን፣ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው፣ ትኬት ተቆጣጣሪ፣ አየንና መጣ።

«ካቦ! በክት ልብስህ ምን እግር ጣለህ?»

«ሐርላ ግንቡን ላይ ሄጄ ነው።»

«ፍየል የሚዘለውን?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ለእሱ ነው ከአቃቂ ድረስ የመጣኸው?»

የካቦ ፊት ተለዋወጠ። «የትኛዋ ፍየል ናት የምትዘለው? እስከ ደረቴ ይደርሳል!»

እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

አዋሽ ላይ ምሳ ስንበላ ጎናችን የተቀመጠው ነጋዴ ስለ ጉዟችን ጠየቀ፤ ግንቡ ጣሪያ አከለ። ናዝሬት ስንደርስ የብረት በር ወጣለት። ሞጆ ላይ በበሩ ግራና ቀኝ ዘበኛ ቆመ። ደብረ ዘይት ላይ ካቦ እጃቸውን ወደ ላይ ሲዘረጉ ባርኔጣቸው ወድቆ ከጎናችን የተሳፈረውን ሰው ዶሮ አስደነበረ። እኔ፣ የአቃቂው ዋሾ፣ የሰው ውሸት አላበኝ።

«አባባ፣ በእመቤታችን፣ እዚህ ላይ እናቁመው» አልኳቸው። «አቃቂ ሽማግሌዎቹ እየጠበቁን ነው።»

«ዝም በል! አንተ ድንጋዩን ገፍተኸዋል? እኔ ገፍቼዋለሁ።»

አቃቂ ስንገባ ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ቆመዋል። ልጅቷም ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላቸው አለች።

«እህ፣ ካቦ፣ ግንቡ አለ ወይስ የለም?»

ካቦ ከባቡሩ ደረጃ ሳይወርዱ መለሱ። «አለ ወይ ትሉኛላችሁ? የፋብሪካው ጭስ ማውጫ አጠገቡ ቢቆም ምርኩዝ ነው የሚመስለው!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አሳጠርኩ።

«እኔ እንኳ ያን ያህል አላየሁትም። ጭስ ማውጫውን ብቻ ቢያክል ነው።»

ካቦ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ሰማችሁ? ይኼን ልጅ በከንቱ ነው ያማነው። ያየውን አሳንሶ ነው የሚናገረው! እንዲህ ያለ ቁጥብ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል? ልጄን ሰጥቼዋለሁ።»

ይህን ብለው ሳቁ። ባቡሩም ዘግይቶ ተነሣ።

ግርግሩ መሀል ልጅቷ ጠጋ አለችኝና፣ ማንም ሳያይ መዳፏን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«እስከዚህ?»

«ትንሽ ዝቅ አድርጊው» አልኳት።