ለሚመለከተው ሁሉ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሰላም ቦሌ አራብሳ ድረስ መጣችልኝ። ከመገናኛ በሚኒባስ እዚህ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጅቶባታል፤ ግን ገና ሳትቀመጥ ነው ላፕቶፗን ከቦርሳዋ ያወጣችው። ሥራ ከጀመረች አራት ወሯ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየፊናቸው መሮጡን ትተው ከውጭ አገር ተማሪ ለመሳብ አንድ ላይ እንዲሠሩ ታስተባብራለች። በመስከረም የሚመጡ ተማሪዎች ስላሉ የአቀባበሉን ደብዳቤ ረቂቅ እዪልኝ አለችኝ። አየሁላት። አናቱ ላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ግርጌው ላይ ሰባት ግልባጭ ተደርድሯል።

«ማነው እንዲህ ብለሽ ጻፊ ያለሽ?» አልኳት።

«ሁሌም እንዲህ ነው የሚጻፈው፣ አክስቴ።»

ደሜ ፈላ። በእሷ አይደለም፤ ልጅቷ ምን አጠፋች? እኔም በሃያ አራት ዓመቴ ይህንኑ ጽፌያለሁ። ያውም አሳምሬ።

ያኔ መሥሪያ ቤታችን ቦሌ መንገድ ዳር ካለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት ቀን ይበዛል። ሥራችን አሁን ሰላም የምትሠራው ነው። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ብሮሹር ያሳትማል፤ አንዱ ጎረቤት አገር ሄዶ ቃል የገባውን ሌላው በሳምንቱ ሄዶ ያፈርሰዋል። እኛ ደግሞ እነዚህን ሁሉ እናስማማለን ብለን ስብሰባ እንጠራለን። ስብሰባው ላይ ሁሉም ይስማማል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይበተናል። በማግስቱ ያው እንደ ድሮው ነው።

አለቃዬ አቶ ደምሰው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ልመስክርላቸው። ችግራቸው ሰው ማስቀየም መፍራታቸው ነው። ለአንዱ ኃላፊ በስሙ ከተጻፈ ሌላው ተናቅኩ ብሎ ያኮርፋል። ስለዚህ ደብዳቤው በሙሉ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይባልና ለየኃላፊው ግልባጭ ይላካል። ማንም አይቀየምም። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ሊመጡ ሲሉም እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጻፍኩ፣ ማህተም ተመታበት፣ ወጣ። መስመሩ እንዴት ቀጥ እንዳለ አይቼ ኮርቼም ነበር። ሞኝ!

መስከረም ጠብቶም ዝናቡ አልቆም ብሎ ነበር። አንድ ጠዋት የኤርፖርት ታክሲ ሹፌር ሦስት ወጣቶች አስከትሎ አራት ፎቅ በእግሩ ወጣ። ልጆቹ ከደቡብ ሱዳን ነው የመጡት። ኤርፖርት ሲጠብቁ አርፍደው የሚቀበላቸው ሰው ጠፋ፤ ሹፌሩ የያዙትን ወረቀት ተቀብሎ፣ ማህተሙ ላይ የኛን ስም አንብቦ ነው ያመጣቸው። ሁለት ወንዶችና አቾል የምትባል ረጅም ልጅ። አቾል ነርስ ልትሆን ነው የመጣችው። ሻንጣዋ ጎኑ ተቀዶ ውሃ ገብቶበታል። እሷ ግን ልብሷን ትታ የትምህርት ማስረጃዋን ከላስቲክ አወጣችና እርጥበት ነክቶት እንደሆነ ገጽ በገጽ ታየው ጀመር።

ስልክ አነሳሁ። ዩኒቨርሲቲው ደብዳቤው ደርሶናል፣ ግን የኛ ግልባጭ ነው፣ ለመረጃ ነው የተላከልን አለ። ማደሪያ የሚሰጠው ክፍልም ያለው ግልባጭ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጡትም ጋ ያለው ግልባጭ ነው። ዋናው ደብዳቤ የተጻፈለት ሰው ቢፈለግ ቢፈለግ የለም። ኤርፖርት ላይ የተመታላቸው ፈቃድ ደግሞ የአሥር ቀን ብቻ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ «ተማሪዎቼ ናቸው» የሚል የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ካላቀረቡ ተመላሽ ናቸው።

ገርጂ፣ እናቴ ቤት ወሰድኳቸው፤ ሌላ የት ልውሰዳቸው? እናቴ በሩን ከፍታ ሦስቱንም ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። የመንግሥት እንግዳ ማለት እንዲህ ነው እንዴ፣ አለችና ምድጃዋን ለኮሰች። እንጀራ እንዳይከብዳቸው ብላ ከምስር ወጡ ጎን ፓስታ ታቀርብላቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ፓስታውን ትተው እንጀራውን ጨረሱባት። ደስታዋ ሌላ ነበር።

ያን ሳምንት የማስታውሰው በጭቃው ነው። የገርጂ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ያኔ አስፋልት አያውቅም፤ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለልን ዋናው መንገድ ላይ እንወጣና ሚኒባስ እንጋፋለን። የአንዱን ቢሮ ቅጽ ሞልተን ስንጨርስ የሌላው ሰዓት ያልፋል። ምሳችን መገናኛ ታክሲ መያዣው ጋ የሚሸጥ የበቆሎ ጥብስ ነበር። በስምንተኛው ቀን አቾል በቆሎዋን እንደያዘች ሳትበላ ቆየችና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ጠርታችሁን ነው ወይስ ሳትጠሩን ነው የመጣነው?»

አፈርኩ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ አላልኳትም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ቀጥሎ ያደረግኩት ግን አንድ ቀን እንኳ ቆጭቶኝ አያውቅም።

በማግስቱ፣ ፈቃዳቸው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቦሌ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎቹን የምናስተባብርበት ትልቁ ስብሰባ ነበር። የውጭ ተማሪ እንዴት እንሳብ፣ አገራዊ ስትራቴጂ፣ ምኑ ቅጡ። አቶ ደምሰው የስም ዝርዝር ይዤ በር ላይ እንድቆም አዘዙኝ። ቆምኩ። የመክፈቻው ንግግር ሲጀመር ግን ሦስቱን ልጆች አስከትዬ ገባሁና ከፊት፣ ለክብር እንግዶች በተተወው ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው።

ተናጋሪው ንግግሩን አቋረጠ። አቶ ደምሰው ጎንበስ ጎንበስ እያሉ መጡና በጆሮዬ፣ «ትርሲት፣ ልጆቹን አስወጫቸው» አሉኝ።

እኔ ግን አዳራሹ በሙሉ እንዲሰማ አድርጌ ነው የመለስኩት። «የት ልውሰዳቸው፣ ጋሽ ደምሰው? የአንድ ሰው ስም ይንገሩኝ፣ አሁኑኑ እወስዳቸዋለሁ።»

ያ ሁሉ ኃላፊ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። እንዴት እንሳባቸው የምትሏቸው ተማሪዎች እነዚህ ናቸው፣ ነገ ይመለሳሉ፣ ግልባጩ ደግሞ በየጠረጴዛችሁ ላይ አለ አልኩ። አንዱ ሥነ ሥርዓት የሌላት ልጅ አለኝ። ሌላው ጥበቃ ይጠራ አለ። ይጠራ! እዚሁ ቆሜ እጠብቀዋለሁ ብዬ ክንዴን አጣጥፌ ቆምኩ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያን ቀን ደፍሬ አላውቅም።

ጥበቃው አልመጣም። ከኋላ ረድፍ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ተነሡ። ልጆቹ የተመደቡበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ነበሩ። ወረቀት ስጭኝ አሉና እንደቆሙ በእጃቸው ጻፉት፤ የሦስቱን ስም፣ ተማሪዎቼ ናቸው፣ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ፣ ከሥሩም የራሳቸውን ስምና ፊርማ። ማህተሙን ዛሬውኑ አስመታበታለሁ ብለው ልጆቹን በገዛ መኪናቸው ይዘዋቸው ሄዱ። አቾል ስትወጣ ከሻይ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳምቡሳ በሶፍት ጠቅልላ ነበር የወጣችው። ደግ አደረገች።

ከሦስት ቀን በኋላ አቶ ደምሰው ቢሯቸው ጠሩኝ። አንድ ገጽ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፊና ነገሩ እዚሁ ይቅር አሉኝ፤ አዝነውልኝ ነው።

«ለማን ብዬ ልጻፈው?» አልኳቸው። «ለሚመለከተው ሁሉ?»

አልሳቁም። በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፣ ወደ መዝገብ ቤትም ተዛወርኩ። መስኮት የሌለው ምድር ቤት ውስጥ አምስት ዓመት አቧራ በላሁ። አቾል ስትመረቅ ጋውኗን እንደለበሰች እዚያ ድረስ ወርዳ አሳይታኝ ሄዳለች። አሁን የት እንዳለች አላውቅም። የሆነ ቦታ መርፌ እየወጋች ይሆናል።

ይህን ሁሉ ለሰላም ነገርኳትና ከቁም ሳጥኔ የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት። አናቱ ላይ «ለወይዘሪት ትርሲት» ይላል። ግርጌው ላይ አንድም ግልባጭ የለም። በዚያ መሥሪያ ቤት በቆየሁበት ዘመን ለአንድ ሰው በስሙ ተጽፎ ያየሁት ደብዳቤ ይሄ ብቻ ነው። ሊቀጡ ሲፈልጉ የሚመለከተውን ሰው አያጡትም ነበር። ሰው አገሩን ለቆ ሊማር ሲመጣም እንዲሁ በስም የሚታወቅ አንድ ተቀባይ ያስፈልገዋል፤ ስትራቴጂው ኤርፖርት ሄዶ ሻንጣ አይሸከምም። ይህን ያኔም ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ፣ ያኮረፈ ያኩርፍ።

ሰላም ሰባቱንም ግልባጮች አጠፋቻቸው። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውንም አጠፋችው።

«ለማን ልበለው ታዲያ?»

«ኤርፖርት ሄዶ የሚቀበላቸው ማነው?»

የአንድ ሰው ስም ከነሥራ ድርሻው ጻፈችና ቀና ብላ አየችኝ።

«አለቃዬ አልፈርምም ቢለኝስ?»

«የሚቀጥለው ስብሰባችሁ መቼ ነው?» አልኳት።