ዘነበች የጣለቻት እንግሊዛዊት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና «እማማ፣ እስቲ ይቺን እዪ» አለችኝ። አንዲት የእንግሊዝ የጁዶ ሻምፒዮን በስተርጅና አርፋለች። ሜዳሊያ አንገቷ ላይ፣ በስሟ የተጠራ አዳራሽ፣ አበባ ይዘው የተሰለፉ ሴት ልጆች። ፊቷን ወዲያው ለየሁት።

«አውቃታለሁ» አልኩ።

«ውሸት!» ብላ ሳቀች።

ያወቅኋት ገና ኮረዳ ሳለሁ ነው። ዊንጌት አካባቢ አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ጁዶ እንማር ነበር። ምንጣፋችን የጤፍ ጭድ የተሞላ ጆንያ ሆኖ ከላዩ ሸራ ይለብሳል። ክረምት ሲገባ ጭዱ ይረጥብና የጋጣ ሽታው ከጸጉራችን አይለቅም። ከሴቶቹ የምቀርባት ዘነበች የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ናት። የጁዶ ልብስ የሚሸጥ ስላልነበር አባቷ እንደ ቡልኮ የወፈረ ጥጥ ሸምነው እናቷ ሰፉላት። ስትለብሰው በፍራሽ የተጠቀለለች ትመስላለች፤ ግን ጨብጦ የሚያቆያት አልነበረም።

በዚያ በጋ እንግሊዛዊቷ እዚህ የሚያስተምር ወንድሟን ልትጠይቅ መጣች። ያኔም ስመ ጥር ነበረች። አሰልጣኛችን ለምኖ አመጣት። ጭዱ ላይ ተቀምጣ አብራን የገብስ ቆሎ ቆረጠመች፤ ከዚያ ተነስታ ሁላችንንም በየተራ ጣለችን። የዘነበች ተራ ሲደርስ ወፍራሙ የጥጥ ጃኬት አልጨበጥ አላት። እጇን ልትቀይር ስትል ዘነበች ዝቅ ብላ ገባችባት። እንግሊዛዊቷ በጀርባዋ ወደቀች፣ አቧራው ቦነነ። ማንም አላጨበጨበም።

እንግሊዛዊቷ ጣሪያውን እያየች ሳቀች። «እንደገና!» አለች። ከዚያ በኋላ ዘነበችን ደጋግማ ጣለቻት። ስትጨርስ ለአሰልጣኙ «ይቺን ልጅ ላክልኝ፤ እኔ ቤት ትኖራለች፣ አሰለጥናታለሁ» አለችው።

አሰልጣኙ አባቷ ዘንድ ሲሄድ እኔም ነበርኩ። እግራቸውን ከሽመናው ጉድጓድ ሳያወጡ «ትመለሳለች?» ብለው ጠየቁ።

«ትመለሳለች።»

«እንግዲያው ትሂድ።»

ከባዱ ነገር ያለቀ መሰለን። በዚያን ዘመን ከአገር ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ወደ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ አብሬያት ተመላለስኩ፤ ዝናብ የነካው ሳምቡሳ እየበላን፣ «ነገ ተመለሱ» እየተባልን። ከመስቀል በኋላ መስኮቱ ጀርባ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል «አልተፈቀደም» አላት።

«ለምን?»

«አልተፈቀደም አልኩሽ እኮ።»

በአውቶቡስ ተመለስን። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ «በቃ፣ ቻው» ብላኝ ወረደች። መጋዘኑ ድጋሚ አልመጣችም። ብዙም ሳልቆይ እኔም ተውኩት። ጓደኝነታችን ግን አልተቋረጠም።

የልጅ ልጄ ያሳየችኝን ለዘነበች ልነግራት በማግስቱ ወደ ሸማ ሱቋ ሄድኩ። ጋቢ እያጠፈች ነበር።

«እንግሊዟ ሞተች» አልኳት።

«የቷ?»

«ያቺ የጣልሻት።»

ጋቢውን አስቀመጠች። «ነፍስ ይማር። ልጆች ነበሯት?»

«እኔ እንጃ።»

ደንበኛ ስትገባ ዘነበች ጥለት ታሳያት ጀመር። በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ ከሁለት አንዳችን እናለቅሳለን ወይም እንናደዳለን ብዬ። ምንም አልመጣም። እንግሊዛዊቷ ማሸነፏን ዓለም ሁሉ ያውቃል፤ የወደቀችበትን ቀን የምናስታውስ ምናልባት እኛ ብቻ ቀርተናል። ይህን ሳስብ ሊቆጨኝ ይገባ ነበር። አልቆጨኝም። ደንዝዣለሁ መሰለኝ፤ መቼ እንደደነዘዝኩ ግን አላውቅም።

ልሄድ ስነሳ ዘነበች እስከ በሩ ሸኘችኝ። ወደ መንገዱ ተመለከተች።

«እንግሊዟ ከባድ ነበረች» አለችኝ። «በጣም ከባድ።»

ከዚያ ወደ ደንበኛዋ ተመለሰች።