የኛጋሌን ልጆች

ኛጋሌን ከሴጉ ከተማ ወንዝ ማዶ ባለችው መንደራችን ሸክላ ትሠራ ነበር። ቀጥቃጩ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንስራዎቿን በጀልባ ወንዙን አሻግረው ገበያ የሚያደርሱላት ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ ዛንና ንጎሎ ነበሩ።

በዝናብ ወራት አንድ ቀን ከባድ ነፋስ ተነሣ። ሲያባራ ዓሣ አጥማጁ ሞሪባ ግቢዋ መጣ። የሱና የእሷ ወገን ሲገናኙ መቀላለድ ልማዳቸው ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ገና ከበር «አንቺ ባቄላ በሊታ፣ ዛሬም አልጠገብሽም?» ይላት ነበር። ያን ቀን አልቀለደም።

እኔ ጎረቤቷ አጠገቧ የሸክላውን ጭቃ እረግጥ ነበር። ሰላምታ ሳያልቅ ወሬ አይጀመርምና ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ መረቡ ጠየቀችው። ቀጥላ፣

«ልጆቼን ወንዙ ላይ አላየሃቸውም? ደህና ናቸው?»

በእኛ በባምባራ መልሱ የታወቀ ነው፤ «ቶሮ ቱ ላ»፣ ክፉ አልነካቸውም። ስለ አንድ ሰው ሲሆን «ቱ» ወደ «ታ» ይለወጣል፤ ክፉ አልነካውም። ልዩነቱ ይህችው ድምፅ ናት። ሞሪባ ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ ምንም እንዳይናገር ታዝዞ ነበር። ግን አፉ ቀደመው።

«ቶሮ ታ ላ» አላት።

እጇ ጭቃው ላይ ቀረ።

«የቀረልኝ የትኛው ነው?»

«ዛን ነው። ጀልባው ተገለበጠ። ንጎሎን እየፈለጉት ነው።»

የጀመረችውን የእንስራ አፍ ጨርሳ ተነሣች፤ እጇን ታጠበች። ንጎሎ በማግስቱ ሸምበቆ መሐል ተገኘ።

ከቀብሩ በኋላ ሴቶቹ እንዳይከፋት ብለው «ልጅሽ ደህና ነው?» ማለት ጀመሩ። አንድ ጠዋት ውኃ ስንቀዳ እኔም እንደዚያው ጠየቅኳት። ባልዲዋን አስቀመጠች።

«ልጆችሽ በይኝ፣ እህቴ። አፈር ስለገባ አልወለድኩትም እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ እንዳለችው አደረግን። ዛን ግን አልቻለውም፤ «ልጆችሽ» የሚል ሰው በመጣ ቁጥር ከግቢ ይወጣል። ውኃው ውስጥ የወንድሙን እጅ ይዞ እንደነበርና እንደለቀቀው ለእናቱ ብቻ ነገራት፤ ለእኔ የነገረችኝ እሷ ናት። «አንተ አይደለህም፣ ውኃው ነው የነጠቀህ» ብትለውም አላመናትም። ማሽላው ሲታጨድ ወርቅ ወደሚቆፈርበት አገር ሄደ።

አሁን እንስራዎቹን ራሷ ታሻግራለች። ጀልባው ወንዙ መሐል ሲደርስ ዓይኗን ትጨፍናለች። ልጇ ዛን እስከ ዛሬ ወሬ አልላከም።