ራዲዮ የገደለን ጊዜ

ሰው ለራሱ ለቅሶ ሲደርስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ደርሻለሁ... ያውም በእግሬ፣ አቧራ ለብሼ፣ እርቦኝ።

አብዮቱ ከፈነዳ ብዙም አልቆየም፤ ድርቁም ገና ከሰው ፊት ላይ አልጠፋም። ደሴ እማር ነበርና ለእረፍት ወደ አገሬ ወደ መካነ ሰላም ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ የአውቶቡሳችን ጎማ ፈነዳና ቦይ ውስጥ ገባን። ከሾፌሩ ግንባር መጫር በቀር ማንም አልተጎዳም። ትርፍ ጎማ ስላልነበረ እዚያው ገበሬዎች ቤት አደርንና በማግስቱ በእግር ተያያዝነው።

መንገዱን ያሳጠሩልን ሸህ እንድሪስ ናቸው። እኛ ሰፈር ቁርዓን የሚያስቀሩ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበሩ። ለሱብሂ ሶላት የሚቀሰቅሳቸው ደዋይ ሰዓት ከደሴ ገዝተው አቅፈውት ተሳፍረዋል። ታዲያ ጎማው ሊፈነዳ አንድ አፍታ ሲቀረው ሰዓቱ በገዛ ፈቃዱ አንባረቀ!

«ወላሂ ቂያማ የመጣ መስሎኝ ሸሃዳዬን ጨርሼ ነበር» እያሉ ሆዳችን እስኪቆስል አሳቁን።

ከተማው ስንገባ ግን... ኡኡታ። ግቢያችን በሰው ተሞልቷል። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን ትደቃለች።

በር ላይ የቆመውን አጎቴን «ማን ሞተ?» አልኩት።

አየኝና ወደ ኋላ አፈገፈገ። «አንተ ነሃ!»

ለካስ ፍንዳታውን ከማዶ የሰማ ሰው ለአንዱ ነግሮ፣ ያም ከራሱ ጨምሮበት፣ ወሬው በስልክ ደሴ ገብቶ፣ ከዚያ ራዲዮ ላይ ወጥቷል። «የኢምፔሪያሊዝም ቅጥረኞች ባሕር ማዶ በተጠነሰሰ ሴራ አውቶቡስ ላይ ባጠመዱት የሰዓት ፈንጂ ተሳፋሪዎቹ በሙሉ አለቁ!» ቦታው ድረስ ሄዶ ያየ አንድ ሰው የለም። የአውቶቡሱን ታርጋ እንኳ የጠየቀ የለም።

እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጆሮዬን ሳይቀር ጎትታ ካረጋገጠች በኋላ «ያረቢ ተመስገን!» ብላ ተንበረከከች። አጎቴ ግን አልተዋጠለትም።

«ራዲዮው እኮ ‹በሙሉ› ነው ያለው» አለ።

እልልታው ብዙም ሳይቆይ ነገር መጣ። የሸህ እንድሪስ ሰዓት ጨዋታ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ካድሬው ጆሮ ገባ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ፈገግታ የሚያስከፍለው የሚመስል ወጣት ነው። «የሰዓት ፈንጂው ይኸው!» ብሎ ሸሁን ከነሰዓታቸው ወስዶ ፖሊስ ጣቢያ ዘጋባቸው። ነገ ወደ ደሴ ይላካሉ ተባለ። በዚያ ዘመን «ፈንጂ አጠመደ» ተብሎ የተላከ ሰው መመለሱን እንጃ።

ሾፌሩ ካድሬው ዘንድ ሄዶ «ጎማ ነው የፈነዳው፣ ሄደን እንየው» ቢለው፣

«ራዲዮ ፈንጂ ነው ብሏል። አንተ ከራዲዮ ትበልጣለህ?»

«እኛ ተሳፋሪዎቹ ግን ይኸው በሕይወት አለን እኮ፣ ጓድ።»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው!»

በማግስቱ ማለዳ የቅሬያችን ጥሩንባ ተነፋ። እኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበረው በአንድ ቅሬ ነው። የቅሬው ዳኛ አያ ታደሰ ቃሬዛ አስይዘው፣ ነጭ ከፈን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ሰፈሩን አስከትለው ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆሙ። እኔም የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዣለሁ።

«ጓድ፣ ሬሳችንን ልንወስድ መጥተናል» አሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው።

ካድሬው ግራ ገባው። «የማንን ሬሳ?»

«የሸህ እንድሪስን።»

«ታሰሩ እንጂ መቼ ሞቱ!»

«እኛም አልሞቱም ብለን ነበር። ‹ከራዲዮ ትበልጣላችሁ?› አሉና አሳፈሩን። ራዲዮው ተሳፋሪው በሙሉ አልቋል ብሏል። የሞተ ሰው ደግሞ ይቀበራል እንጂ አይታሰርም። እንግዲህ አንዱን ይምረጡ... ወይ ራዲዮው ዋሽቷል ይበሉን፣ ወይ ሬሳችንን ይስጡን።»

ካድሬው ሰዉን አየ፣ ፖሊሶቹን አየ። በዚያ ሁሉ ጆሮ ፊት «ራዲዮው ዋሽቷል» ቢል እሱ ራሱ ፀረ-አብዮተኛ ሊባል ነው።

ይሄኔ ከውስጥ የሸህ እንድሪስ ድምፅ ተሰማ። «ኧረ በአላህ! ልትቀብሩኝ ነው?»

አያ ታደሰ ወደ መስኮቱ ዞረው ተቆጡ። «ዝም በሉ እንጂ! ሬሳ ይናገራል?»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቁን ሊያፍን ሲል ጠመንጃው ከእጁ ሊወድቅ ነበር። ካድሬው ፊቱ ቀላ። «ውሰዱልኝ!» ብሎ ጮኸና ቢሮው ገባ።

ወሰድናቸው። ቃሬዛው ላይ አጋድመን፣ ከፈኑን አልብሰን፣ ሴቶቹ ደረት እየመቱ በከተማው መሃል አሳለፍናቸው። ሟች ሟችን ተሸክሞ ሲሄድ ያየ የመካነ ሰላም ሰው ብቻ ይሆናል። ከዓይን ስንሰወር ሸሁ ተነሡና «አብሽሩ ልጆቼ፣ እግሬን አሳረፋችሁኝ» አሉ።

አመሻሹ ላይ እኛ ቤት ተሰብስበን ለለቅሶዬ የተቀቀለውን ንፍሮ እየቃምን ሳለ ራዲዮው ተከፈተ። «የመካነ ሰላም ሕዝብ በሴራው የተሰዉ ወገኖቹን በታላቅ ቁጣ ቀበረ...» ካድሬው ሪፖርቱን ልኳል ማለት ነው። አሁንም መጥቶ ያየ የለም።

ያ ቅሬ ባይደርስ ኖሮ ዜናው እውነት ይሆን ነበር። የእናቴ ዓይን እንባ ሞላ።

ሸህ እንድሪስ ብቻ ንፍሯቸውን እያላመጡ ወደ ራዲዮው ጠጋ አሉ። «እስቲ ድምፁን ጨምሩት... ስንት ሰው እንዳለቀሰልኝ ልስማ።»