የክርስትና ስማችን ኮምፒውተር ላይ

መጻፍ እንደምችል ያወቅሁት ደባርቅ፣ ትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው። ስናገር እንተባተባለሁ። መምህር ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅሁት “አላውቅም” እላለሁ፤ እሷን ቃል ስል ምላሴ አይያዝም። ኪቦርዱ ላይ ግን አንድም ቃል አያንቀኝም! ታዲያ ይህንኑ ጉዴን መጻፍ ጀመርሁ። ከትምህርት በኋላ እየቆየሁ በገጽ ላይ ገጽ ጨመርሁ፤ ቤት ስገባ ብቻዬን እስቃለሁ። ማንም እንዲያየው ግን አልፈለግሁም። “እያወቀች ነው ‘አላውቅም’ የምትለው” ከተባለ አለቀልኝ፤ መምህሩ ሁሉ መልሴን ቆሞ ሊጠብቅ ነው።

ኮምፒውተሮቹ ጥቂት ስለሆኑ እየተፈራረቅን ነው የምንጠቀመው። ገና ስንጀምር ቲቸር፣ “ሁላችሁም ፓስወርድ አውጡ። እዚህ ግቢ ማንም በማይጠራችሁ ነገር ይሁን” አሉን።

ማንም በማይጠራኝ? ስቆርብ ካልሆነ የማልጠራበት ስም አለኝ፣ የክርስትና ስሜ። በወለተ ይጀምራል፣ ረዥም ነው፤ ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል? ጻፍሁት። ስጨርስም ሁልጊዜ ዘግቼ ነው የምነሳው።

አንድ ቀን ግን ዘግየት ብዬ ስገባ፣ ከገጠር፣ ከጊች መጥታ እዚህ ደባርቅ ቤት ተከራይታ የምትማረው ጓደኛዬ እኔ የምጽፍበት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣለች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታነባለች። ጠጋ ብዬ ሳይ የኔው ጽሑፍ ነው።

“አንች! በ... በ... በምን ከፈትሽው?”

“እኔ ምን አውቄ! የራሴን ፓስወርድ ጻፍሁ፣ ከፈተልኝ።”

ኮምፒውተሩ መጨረሻ የተጠቀመውን ሰው ስም እላዩ ላይ ይዞ ይቆያል። የኔን ስም ሳታጠፋ ከሥሩ የሷን ፓስወርድ ጽፋለች ማለት ነው።

“ምንድን ነው ፓስወርድሽ?”

“አይነገርም ተብሏል።”

“ን... ንገሪኝ እንጂ!”

ጆሮዬ ላይ ሹክ አለችኝ። የኔው የክርስትና ስም! በእንግሊዝኛ ፊደል ስንጽፈው እንኳ አልተለያየንም።

ከኋላችን የተቀመጠች ሙስሊም የክፍላችን ልጅ ሰምታን ኖሮ ሳቋን ለቀቀችው። “የክርስትና ስም? ኧረ እናንተ ልጆች! ግማሹ ክፍል ወለተ አይደለም እንዴ? ቆልፋችሁ ቁልፉን በሩ ላይ ሰቀላችሁት በሉኛ!”

ከዚያማ ክፍሉ ተተራመሰ። ሁሉም የጓደኛውን ለመክፈት ይሞክራል፤ ሲከፈት ጩኸት፣ ሳይከፈት ጩኸት። ቲቸር እየሮጡ ገቡ። “ሁላችሁም አሁኑኑ ቀይሩ! የክርስትና ስም አልፈልግም! የታቦት ስምም አልፈልግም!”

እኔ ግን መጀመሪያ ገጼን ዘጋሁት። ጓደኛዬ ወደ እኔ ዘንበል አለች።

“እኔ እኮ አንች ‘አላውቅም’ ባልሽ ቁጥር እፎይ እል ነበር። እኔም ብቻዬን አይደለሁም የማላውቀው እያልሁ። ለካ ጉድ ሠርተሽኛል!”

ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮ መጣ።

“ለ... ለሰው ትነግሪያለሽ?”

“ምን በወጣኝ! እግዜር ያሳይሽ፣ ለማን ብዬ?” አለች። ደግሞ ቀስ ብላ፣ “ግን አልጨረስሁትም። ያን ቀን ሰሌዳው ላይ ሲያቆሙሽ በሆድሽ ምን አልሽ? እዚያ ላይ ስደርስ ነው የመጣሽብኝ” አለችኝ።

ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ! እኔ፣ ቃል የሚያንቀኝ እኔ፣ ሰው አንጠልጥያለሁ!

አዲስ ፓስወርድ አወጣሁ። ምን እንደሆነ ለእናንተም አልነግራችሁም። ስጽፈው እሷ ማንም ሳይነግራት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ “ጨ... ጨረስሁ” እስክላትም ድረስ አልዞረችም። ገጹን ራሴ ከፈትሁት፣ ያቆመችበትን ቦታ ፈለግሁላት፣ አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አልሁና፣

“ተ... ተጠጊ፣ አንብቢው” አልኋት።